ውሃው የተቀጠለበት ቀን

የሰፈሩ ሰው ካላንደር ይላታል። ሲያከብራት እትዬ ካላንደር፣ ሲያማት ካላንደር ብቻ። ስሙ ደግሞ ያለ ነገር አልወጣላትም። የማን ልጅ መቼ እንደተወለደ፣ የማን አጥር መቼ እንደወደቀ፣ ማን ከማን ጋር በየትኛው ቀን ተኳርፎ በየትኛው ቀን እንደታረቀ፣ ሁሉም እሷ ራስ ውስጥ ነው ያለው። ሰው ለልጁ የልደት ካርድ ሊያወጣ ሲነሳ መጀመሪያ እሷ በር ላይ ቆሞ "እትዬ፣ ይሄ ልጅ መቼ ነው የተወለደው?" ይላል። የወለደችው እናት አጠገቡ ቆማ ማለት ነው እንግዲህ። እሷም የሰው ልብስ ከምትተኩስበት ጠረጴዛ ቀና ሳትል ቀኑን ትነግረዋለች፤ ከፈለገ ያን ዕለት ዘንቦ እንደሆነም ትጨምርለታለች። "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ ሰው የለም።

ባሏ ደግሞ ተቃራኒዋ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ ጠባዩ የተባረከ፣ ቀን ግን የማያውቅ ሰው። ለሱ ሳምንት ማለት ውሃ ያለበት ቀንና ውሃ የሌለበት ቀን ነው፣ አለቀ። በሠርጉ ጠዋት እንኳ የሰው ቧንቧ ሊጠግን መፍቻውን አንግቦ ሲወጣ ከበር የመለሰው ሚዜው ነው። ይሄን ታሪክ ሚስቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ ስታወራ፣ እሱም ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ አዲስ ሲስቅበት ኖረዋል።

እንግዲህ የነዚህ ባልና ሚስት መንደር ውሃ አልነበረውም። ቦኖው ያለው ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ሴቱም ወንዱም ጄሪካን ተሸክሞ ሲመላለስ ወገቡ ይጎብጣል። የሰው ልብስ አጥባና ተኩሳ የምታድር ሴት ባል ይሄን እያየ ስንት ጊዜ ይችላል? ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባ። ነገ ተመለስ አሉት፤ ተመለሰ። ኃላፊው የሉም አሉት፤ ኃላፊው እስኪመጡ ጠበቀ። ኃላፊው መጡና ይታያል አሉት። መጨረሻ ላይ ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ቦይ ቆፈረና ከዋናው መስመር ራሱ ቀጠለው። መንደሩ ውሃ ጠጣ፣ እሱም ተመረቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ያኔ ማንም አላሰበውም።

የተያዘውም በሰው ጥቆማ አይደለም፤ በራሱ አፍ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ሌላ ቦታ የሚያፈስ መስመር ሲፈልጉ ድንገት የሱን መገጣጠሚያ ቆፍረው አወጡት። ጉድጓዱን ከበው ቆመው አደነቁ። ጠብ አይልም፣ አልላላም፣ እንዳማረበት ተቀምጧል። አለቃቸው ራሱን እየነቀነቀ ይሄ የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀ። ባልየው በዚያ በኩል ሲያልፍ ሰማ። ብልህ ሰው ቢሆን መንገዱን ይቀጥል ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ፣ ቀረብ አለና "የኔ ነው" አለ። ከዚያ ወዲያ መካድ የለም።

ክሱ የቀረበበት በአዲሱ ሕግ ነው። በአሮጌው ሕግ ያለ ፈቃድ ውሃ የቀጠለ ሰው መቀጮውን ይከፍላል፣ ተግሣጹን ይሰማል፣ ቤቱ ይገባል። አዲሱ ግን ወህኒ ያወርዳል። ችግሩ ቧንቧው የተቀጠለው ሕጉ በተለወጠበት ሰሞን መሆኑ ነው፤ ትንሽ ቀደም ይበል ትንሽ ይዘግይ የሚያውቅ ጠፋ። የተቀበረ ብረት ቀን አይናገርም። ዳኛው ተከሳሹን ሲጠይቁት ሥራውን እሱ እንደሠራው፣ ቀኑን ግን እንኳን ያኔን ዛሬንም እንደማያውቀው ተናገረ፤ ችሎቱ ሳቀ። ቦዩን አብሮ የቆፈረው ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ ለምስክርነት ቆመና እሱም ከሕጉ በፊት ይሁን በኋላ አላስታውስም አለ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል እኮ። ግን ካላንደር በተቀመጠችበት አንድ ሰው ቆሞ "አላስታውስም" ሲል አንጀቷ እንዴት ይቻለው? ጠዋት ስትመጣ የሕጉን ነገር ማንም አላስረዳትም፤ የገባት ነገር ቢኖር ቀን መጥፋቱና ቀኑን ደግሞ እሷ ማወቋ ነው። ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

"እንዴት አታስታውስም፣ ጋሼ? ሐሙስ አይደለም እንዴ?"

ዳኛው ማን እንደሆነች ጠየቋት፣ ወደ ፊት አስጠሯት፣ አስማሏት። እሷም አንድ በአንድ ዘረገፈችው። ገበያው ውስጥ አዲሱ የወለል ፕላስቲክ ሱቅ የተከፈተ ዕለት፣ ረቡዕ፣ ፕላስቲክ ገዝታ ሳሎኗ ላይ አነጠፈች። በማግስቱ ሐሙስ ባሏ ቦዩ ውስጥ ውሎ በጭቃማ ጫማው ገባበት። አይኔን ግንባር ያርገው፣ ሐሙስ ነው ብላ ማለች። ዳኛው ወረቀታቸውን ገለጡ። አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። ተከሳሹ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ያን ጊዜ ገባት። ይግባኝ ተባለለትና ይግባኙ እስኪታይ ባልየው በዋስ ቤቱ ገባ፤ እሷ ግን ቤቷም ገብታ አልገባችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የሰው ሸሚዝ አንገት አቃጠለች፤ በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀው ነገር ነው። ባሏ አንድ ክፉ ቃል አልተናገራትም፣ ያ ደግሞ ባሰባት። ቢቆጣት ታኮርፈው ነበር፤ ቢሰድባት ትመልስለት ነበር። እሱ እቴ፣ እያፏጨ ሥራው ይሄዳል፣ እያፏጨ ይመለሳል፣ የተቃጠለውን ሸሚዝ አይቶ "ለኔ ይሆነኛል፣ እዚያ ማን ያየኛል" ብሎ ቀለደ። እሷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

የይግባኙን ነገር የያዘችው ጠበቃ ወጣት ናት፤ ድምጿ ቀጭን፣ ቦርሳዋ ከሷ የሚከብድ። ቤታቸው መጥታ ነገሩን በቀላል አስረዳቻቸው። አንድ ሰው የሚዳኘው ጥፋቱን ባደረገበት ቀን በነበረው ሕግ ነው፤ ነገ የሚወጣ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ በትናንቱ ሰው ላይ አይከብድም። ሥራው የተሠራው ከአዲሱ ሕግ በኋላ መሆኑን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ዕዳ ነው። ቀኑ በእውነት የማይታወቅ ከሆነ ጥርጣሬው ለተከሳሹ ነው፤ አሮጌው ሕግ ይሠራለታል። እዚህ ግን የሚታወቅ ቀን አለ፤ ሐሙስ። ያንን ሐሙስ የሰጠችው ደግሞ ሻይ እየቀዳችላት ያለችው ሴትዮ ናት።

ጠበቃዋ ሌላ ሰው ቀኑን በሌላ መንገድ ያስታውሰው እንደሆነ ብላ መንደሩን በር በበር ዞረች። ስትመለስ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። የጠየቀችው ሰው ሁሉ ሐሙስ ነው ይላል፤ እንዴት አወቅህ ስትለው እትዬ ካላንደር ነግራኝ ይላል። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጭራሽ የራሷን የጋብቻ ቀን አታውቀውም፤ "እትዬ አለች፣ እኔ ለምን እለፋለሁ?" አለቻት። መንደሩ ሙሉ ማስታወስ የሚባለውን ነገር ለአንዲት ሴት አስረክቦ ተኝቷል።

ጎረቤቶቹ መላ ያሉትን ይዘው መጡ። ሾፌሩ ነው አፈ ጉባኤ የሆነው። የይግባኝ ዳኞቹ እሷን ደግመው ሊሰሟት ጠርተዋታል አይደል? እንግዲያው ትቁምና ተሳስቼ ነበር፣ ከዚያ በፊት ያለው ሐሙስ ነው ትበል። ማን ይጠረጥራታል? አገር ምድሩ የሚያምነው እሷን። የሰፈሩ ባለሱቅ አዎ አለ፣ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አዎ አለች። እሷ ተኩሱን አቁማ አየቻቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ውሸት የምናገር ብሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ሰውዬዬን በእውነት አላሳስረውም ነበር" አለች። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ይሁን እንጂ ሲወጡ ልቧ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ቃል ነው። ሐሙስ ለሐሙስ ምን ልዩነት አለው? ባሏ ወህኒ ሲገባ፣ እጁ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ ቤቱ ከፉጨቱ ባዶ ሲሆን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። ደግሞ በውሸት ብትምል ሰውዬው ራሱ በየትኛው ዓይኑ እንደሚያያት አሰበች። በዚህ መሀል ተወጥራ ቀኑ እየቀረበ መጣ።

ከችሎቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ባልየው አንድ ትምህርት ቤት የተሰበረ መስመር ሊቀይር ሄዶ ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ከራሱ እስከ እግሩ ርሷል። ከፀጉሩ ይንጠባጠባል፣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተለጥፏል። እሷም በልማዷ "ሸሚዝህን እዚያው በር ላይ አውልቅ፣ ቤቱን ኩሬ አታድርግብኝ" ብላ ጀመረች፤ ጀምራ ግን በመሀል ቆመች።

ሐሙስ ዕለት ያለችው ይሄንን አይደለም። ሐሙስ ዕለት የተቆጣችው ስለ ጫማ ነው። ስለ ሸሚዝ አልተናገረችም። ሸሚዙ ደረቅ ነበር።

"አንተ፣ ዋናውን መስመር ስትቆርጥ ሁልጊዜ እንዲህ ትበሰብሳለህ?"

እሱ ሸሚዙን እየጨመቀ ሳቀባት። ውሃው በጉልበት ሲመጣ ማን ይደርቃል፤ የኛን መንደር ስቀጥልማ ውሃ ውስጥ እንደገባች አይጥ ነው የሆንኩት፣ አንቺው አይደለሽ ስትጮሂብኝ የዋልሽው አላት። ልክ ነው፣ ጮሃበታለች። ያንንም ታስታውሳለች። ያ ሌላ ቀን ነው።

ተቀመጠች። እሱንም እንደራሰ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ወንበሩ ግድ አልሰጣትም፣ ነገሩ መክበዱን ከዚህ እወቁት። ያን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሠራው ጠየቀችው። እሱም ነገራት። መጀመሪያ ቦዩን ቆፈሩ። ከዚያ በሌላ ቀን ቀጠለው። ከዚያ ሳይደፍነው ጣውላ አልብሶ ተወው፤ መገጣጠሚያ ሰንብቶ ሳይታይ አፈር አይለብስም፣ አስተማሪው እንዲህ ነው ያስተማረው። ሳምንት ያህል በየቀኑ ጣውላውን እያነሳ ጠብ ማለት አለማለቱን ሲያይ ሰነበተና በመጨረሻ አፈሩን መልሶ ደፈነው። እዩልኝ እስቲ፤ በድብቅ የቀጠለውን ቧንቧ ሳምንት ሙሉ ገልጦ የሚጎበኝ ሌባ የት ይገኛል?

እሷ ግን አልሳቀችም። በጭቃ የገባበት ያ ሐሙስ የቆፈረበት ቀን ነው ወይስ የደፈነበት? ጭቃ በሁለቱም አለ። የደፈነበት ከሆነ ቧንቧው የተቀጠለው ቀደም ብሎ ነው፣ በአሮጌው ሕግ ጊዜ። የቆፈረበት ከሆነ የተቀጠለው ከዚያ በኋላ ነው፣ በአዲሱ። እሱን ብትጠይቀው እኔ ምን አውቄ አለ። ዓይኗን ጨፈነች። የራሰውን ሸሚዝ አየችው፣ የራሷን ጩኸት ሰማችው፤ ከእግሩ ሥር ግን አንዴ አዲሱ ፕላስቲክ፣ አንዴ ባዶው ሲሚንቶ ይታያታል። ፕላስቲኩ ከሆነ የተቀጠለው ከሐሙሱ በኋላ ነው፣ ሲሚንቶው ከሆነ በፊት። ደግማ ጨፈነች፤ ያው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የሷ እያደር ደፈረሰ። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ለባሏ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ለራሷም ነው። ያ ሁሉ ሰው ቀኑን የሚለምናት ሴት ከዚህ ወዲያ ማን ናት?

የይግባኙ ችሎት ሰፊ ክፍል ነው፤ ሦስት ዳኞች ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ መሀል ያሉት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። መንደሩ ተጠቃሎ መጥቶ የኋላውን ወንበር ሞልቶታል። ጠበቃዋ ተከራከረች፣ ዐቃቤ ሕጉ ተከራከረ፣ ከዚያ እትዬ ካላንደር ተጠርታ ቆመች። መሀል ዳኛው ቧንቧው የተቀጠለበትን ቀን እንድትናገር ጠየቋት።

እሷም ጭቃውን ተናገረች፣ ርጥቡን ሸሚዝ ተናገረች፣ ቁፋሮውንና ድፈናውን ተናገረች። ጭቃው ሐሙስ ነው፣ እሱን አልለቅም አለች። ቀና ብላ ዳኛውን አየቻቸው።

"ቧንቧው የተቀጠለበትን ቀን ግን አላውቅም።"

ከኋላ አንድ ሰው ሲያቃስት ተሰማ፤ ሾፌሩ መሆን አለበት። ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። መጥፎ ሰው አይደለም፣ ሥራው ነው። ያኔ ሳትጠየቅ ተነስታ ቀኑን በመሐላ የተናገረች ሴት፣ ዛሬ ባሏ ሊታሰር ሲል ቀኑ ጠፋብኝ ማለቷ ለባሏ ብላ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቃት።

እሷም ወደሱ ዞረች።

"ልጄ፣ ለባሌ ብዬ ብዋሽ ኖሮ ቀደም ያለውን ሐሙስ እልህ ነበር። እነዚህ ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ አምነውኝ ይምሉልኝ ነበር፣ አንተም ምንም አትለኝም። እንዲህ በሰው ፊት አላውቅም የምለው ስለማላውቅ ነው። የቀለለኝ እንዳይመስልህ።"

ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። መሀል ዳኛው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አጠለቁና እሷን በደንብ አዩዋት።

ፍርዱ የተነበበው በሌላ ቀጠሮ ነው። ያ ሁሉ መንደር ዳግመኛ ሥራውን ፈቶ መጣ። ንባቡ ረዥም ነው፤ "በመሆኑም" እና "ይሁን እንጂ" እየተፈራረቁ ሰውን አቁነጠነጡት። ዋናው ነገር ግን ሲመጣ ለሁሉም ገባው። ይግባኝ ባዩ ቧንቧውን ያለ ፈቃድ መቀጠሉ አላከራከረም። የተቀጠለው ከአዲሱ ሕግ በኋላ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም፤ ምስክሯ ያየችው ጭቃውን እንጂ ቧንቧው ሲቀጠል አይደለም። በዚህ የቀረው ጥርጣሬ ለይግባኝ ባዩ ነው። የእስራቱ ቅጣት ተሽሮ በአሮጌው ሕግ መቀጮ ይክፈል፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱም ማመልከቻውን አይቶ መልስ ይስጠው። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው፤ ያ የተረሳ ማመልከቻ በዚህ መንገድ ሰው አየው። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሥርዓት አስከባሪው በጣቱ አስቆማት፤ ውጭ ወጥታ አቀለጠችው።

ሰዉ እየተሳሳመ ወደ ግቢው በር ሲጎርፍ ባልና ሚስቱ ደረጃው ላይ ወደ ኋላ ቀሩ። እሷ እንባዋ እየወረደ፣ እኔ ነበርኩ የማስገባህ፣ እኔ በዚህ ምላሴ አለችው። እሱ ቧንቧውን የቀጠለው ማን ሆነና፣ "የኔ ነው" ብሎ ደረቱን የነፋው ማን ሆነና ብሎ ነገሩን ሊያቀልላት ሞከረ። አልቀለለላትም። ያኔ ሳቅ አለና ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንቺ አንዲት "አላውቅም" ስጠብቅ ኖሬ በሦስት ዳኞች ፊት ሰማኋት፣ ከእንግዲህ ሁለት ዓመት ቢጨምሩብኝም አይቆጨኝም አላት። በቦርሳዋ ትከሻውን ደቃችው፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ክንዱን ያዘችው።

"ይቺን ቀን አንተ ያዝልኝ" አለችው። "እኔ ደክሞኛል።"

እሱ ደነገጠ። በትዳራቸው ዘመን እንዲህ ያለ አደራ ተሰጥቶት አያውቅም። ሰማዩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ በጣቱ አንድ ሁለት ብሎ ቆጠረ፣ ፊቱ በራ።

"ማክሰኞ" አላት። "ማክሰኞ ነው። ይዤዋለሁ።"

ቀኑ ረቡዕ ነበር። አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና መልሳ ዘጋችው። "እንዳትረሳት" አለችው፣ ተያይዘውም ደረጃውን ወረዱ።